ሙኒራ ሌንስ

ስልኩ የተደወለው ሱቄን ከፍቼ መብራት እንኳ ሳላበራ ነው። ደዋዩ ሙኒራ መሳለሚያ የምትሠራበት ሕንፃ ጥበቃ ነበር። ሰላምታም አልሰጠኝም።

“ሙሌ፣ እትዬ ሙኒራ አርፋለች። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ ኮልፌ።”

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ወንድሟ ነበር።

“ሐጂ ሰምተዋል?”

“ሰምተዋል። ይምጡ አይምጡ ግን ማንም አያውቅም” አለኝና ዘጋው።

የሰርግ ፎቶ አንሺዎች “ሙኒራ ሌንስ” ነበር የሚሏት። የአባቷን ስም የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ መርካቶ፣ ወደ ሰባተኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ባትሪ፣ ሜሞሪና የካሜራ ቦርሳ እሸጣለሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ሌንስ ትሸጥ ነበር። በመሃላችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ኮሪደር ብቻ ስለነበር የእሷን ቀን ከእኔ ቀን ለይቼ አላውቀውም። ስትስቅ እሰማለሁ፤ ስትቆጣም እሰማለሁ። መሳቋ ግን ከስንት አንዴ ነበር።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉንጯ የገባ ሴት ነበረች። ሻርፗን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ድምጿ የወንድ ያህል ጎርናና ነው። ሌንስ ስትቀበል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከፊት ያለውን ትልቁን መስታወት አታይም። ገልብጣ ከኋላ፣ ካሜራው ላይ የሚገጥመውን የብረት ቀለበት ነው የምታየው። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ትዳብሰዋለች። ከዚያ ብቻ ነው የምትናገረው።

ሰላምታዋ ደግሞ “ካሜራው የታለ?” ነበር።

“እትዬ፣ ሌንስ ፈልጌ ነበር” ይላታል አንዱ።

“ለየትኛው ካሜራ?”

“ጥቁር ነው፤ ትልቅ ነው።”

“ሽማግሌ ስትልክ ‘ሴት ልጅ ነበር የፈለግነው፤ ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች’ ብለህ ነው የምትልከው? ሂድና ካሜራህን ይዘህ ና።”

ካሜራውን ጠረጴዛዋ ላይ ካላየች አትሸጥም። ደንበኛው ከጅማ ቢመጣ፣ ከደሴ ቢመጣ፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ያው ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ገበያ እንዳመለጣት እኔ አውቃለሁ። የሚሰድቧትም ነበሩ። “ሌንስ ነው የምትሸጪው ወይስ ልጅ ነው የምትድሪው?” ብሎ የጮኸባት አንድ ቪዲዮ አንሺ ትዝ ይለኛል። “ሁለቱንም ተሳስቼ አላውቅም” አለችው። ልጅ አልነበራትም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ካሜራ ካሜራ ነው፣ ሌንስም ሌንስ። እኔም እሷን እስካውቅ ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። የየፋብሪካው ካሜራ አፉ ለየብቻ መሆኑን፣ አፉ የማይገጥም ሌንስ ጭራሽ እንደማይገባ ያሳየችኝ እሷ ናት። የሚያስቸግረው ግን የማይገባው ሳይሆን የሚገባው ነው። አንዳንዱ ይገባል፤ ነገር ግን ከአፉ እስከ ውስጥ ያለው ርቀት ስለማይመጣጠን ቅርቡን ጥርት አድርጎ ያሳይና ሩቁን ያደበዝዛል። አንዳንዱ ለትንንሾቹ ካሜራዎች የተሠራ ነው፤ ትልቁ ላይ ሲደረግ የምስሉ አራት ማዕዘን ይጠቁራል። አንዳንዱ ደግሞ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይግባባ ምስሉን በእጅ ማጥራት ግድ ይላል። “መግባትና መስማማት ለየቅል ናቸው” ትል ነበር፤ ይህችን ቃል በሰማኋት ቁጥር አንድ ብር ቢሰጠኝ ዛሬ ፎቁ የኔ ነበር።

ይህን ሁሉ ከየት እንደተማረችው እስካሁን አላወቅኩም። ለአንዱ “ባሌ ፎቶ ቤት ነበረው፤ እሱ አስተማረኝ” ትላለች። ለሌላው ወንድሟ የተደባለቀ ሌንስ በጆንያ ሰጥቷት እየሞከረች እንደለየችው ትነግረዋለች። ለእኔ የነገረችኝ ደግሞ ሌላ ነው። ባሏ በሞተ ሰሞን ካሜራውን ልትሸጥ ስትል፣ ከዕቃዎቹ መሃል ያገኘችውን ሌንስ በግድ አዙራ ካሜራው ላይ አስገባችው። አልወጣ አላት። ስታወጣው ካሜራው ተሰበረ። “ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ” አለችኝ። ይኼን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ነበር። እውነቱ ይህኛው ይመስለኛል።

ሐጂ ሸምሱ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ሕፃን ነበረች። ከስልጤ አምጥተው ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ የዳሯት፣ ባሏ ሲሞትም “ሱቁ ያንቺ ነው፤ ተቀመጪበት” ያሏት እሳቸው ናቸው። ሱቁ በሳቸው ስም ነበር፤ ዕቃውንም የሚያስመጡት እሳቸው ነበሩ። አጭር፣ ደንዳና፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ሲያልፉ ሁላችንም እንነሳላቸው ነበር። እሷ “ጋሼ” ትላቸዋለች። ጠዋት ሲገቡ ተነስታ ወንበሯን ትለቅላቸውና ራሷ ካርቶን ላይ ትቀመጣለች። እንደ አባት ነበር የምታያቸው። ለዚህ ነው ኋላ የሆነው ነገር ያን ያህል የከበደው።

አንድ ዓመት ጥር ሊገባ ሲል ሐጂ ከዱባይ ብዙ ካርቶን ሌንስ አስመጡ። ያላቸውን ሁሉ ያፈሰሱበት ዕቃ ነበር፤ በሰርግ ሰሞን በአንዴ ሊሸጥ። ሁላችንም ተሰብስበን ካርቶኖቹ ሲከፈቱ እናያለን። ሙኒራ አንዱን አነሳች፤ እንደ ልማዷ ገለበጠችው፤ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። እጇ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሳ ዳበሰችው። ሌላ አነሳች። ሌላም።

“ጋሼ፣ ይኼን ማን ነው የላጠው?”

“ምኑን?”

“ከኋላ የፕላስቲክ ቀለበት ነበረው። ተልጧል። በሞረድ ነው የላጡት፤ ዳብሰው።”

ሐጂ ተቀብለው ዳበሱት። “ሻጩ ለሁሉም ካሜራ ይሆናል ብሎኛል” አሉ።

ሙኒራ ባትሪ ሊገዛ እኔ ሱቅ ከቆመ ፎቶ አንሺ አንድ ትልቅ ካሜራ ተዋሰችና ሌንሱን ሳትገጥም አፉን ከፍታ አሳየቻቸው። ውስጡ ትንሽ መስታወት አለ። ፎቶ ሲነሳ መስታወቱ ብድግ ይልና ይመለሳል። “ይኼ ሌንስ የተሠራው ለትንንሾቹ ካሜራ ነው። ትልቁ ላይ እንዳይገባ ነው ፋብሪካው ያን ቀለበት ያደረገለት። ቀለበቱን ስትልጠው ይገባልሃል። ሩቅ ያለ ነገር አቅርበህ ስታነሳ ምንም አይልም፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ብትሞክረው ደህና ነው። ሰፋ አድርገህ፣ ሰው ሰብስበህ ስታነሳ ግን የሌንሱ ቂጥ ወደ ውስጥ ይገባል። መስታወቱ ብድግ ሲል ይመታዋል። ካሜራው አለቀለት ማለት ነው።”

ሐጂ ሌንሱን ቀስ ብለው ካርቶኑ ውስጥ መልሰው አስቀመጡት።

“ለትንንሾቹ ይሆናል፤ ለነሱ ብቻ ቀስ እያልን እንሽጠው” አለች።

“ትንሽ ካሜራ የያዘ ሰው መቼ ሌንስ ይቀይራል? ሰርግ የሚሠራው ባለ ትልቁ ነው።”

“ለባለ ትልቁማ አይሆንም።”

“ለእኔም አልነገሩኝም ሙኒራ። እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት።”

“አሁን ግን ነገርኩህ” አለች።

ሐጂ ተነሱ። ከመውጣታቸው በፊት ድምፃቸውን ሳያነሱ “አንቺ አትሽጪ። እኔ እሸጣለሁ” አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሮ ጠዋት ብቅ ብለው ይሄዱ የነበሩት ሐጂ ቀኑን ሙሉ ሱቅ መዋል ጀመሩ። እሷ ካርቶን ላይ፣ እሳቸው ወንበር ላይ። ደንበኛ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ሲሰማ ሁለቱም ቀና ይላሉ። ትልቅ ካሜራ የያዘ ከሆነ ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ “ለዚህ የሚሆን የለንም” ትላለች። ሐጂ በሰው ፊት አይጨቃጨቋትም። ሰውየው ሲሄድ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ይቀመጣሉ። እኔ ባትሪ እየቆጠርኩ አንገቴን እደፋ ነበር። አንዳንዴ ይሰዳደቡና ይውጣላቸው እያልኩ እመኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሙኒራ ለቅሶ ሄደች፤ እኔም ዕቃ ላመጣ ወጥቼ ነበር። ስመለስ እሷ ቀድማኝ ገብታለች። ካርቶኖቹ መሃል ቆማ፣ አንዱ ተከፍቶ፣ ውስጡ አንድ ጎድሎ አየሁ።

“ለማን ሸጥከው?”

“ለደንበኛ።”

“ካሜራው ትልቅ ነው ትንሽ?”

ሐጂ ካርቶኑን መዝጋት ጀመሩ።

“ስሙ ማን ነው? ስልኩን ተቀብለሃል?”

“ምን ላደርገው ነው የምቀበለው?”

ሙኒራ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ያን ሳምንት ፎቶ ቤቶችን ስታዳርስ ሰነበተች። አማኑኤል ሄደች፤ መሳለሚያ ሄደች፤ አልበም የሚያሳትሙትን፣ ድንኳን የሚያከራዩትን ሳይቀር ጠየቀች። “ከሐጂ ሸምሱ ሱቅ ሌንስ የገዛ ልጅ ካያችሁ እንዳይጠቀምበት ንገሩት” እያለች። ይህ ደግሞ ለሐጂ ጆሮ ደረሰ። የገዛ እህታቸው ሰፈር ለሰፈር እየዞረች ስማቸውን እንደምታነሳ ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ልጁ ግን አልተገኘም።

የተገኘው እሁድ ዕለት ነው። እሁድ መርካቶ ግማሹ ዝግ ቢሆንም በሰርግ ሰሞን ባትሪ የሚያልቅበት ስለሚበዛ እኔ ከቅዳሴ መልስ እከፍት ነበር፤ እነሱም ይከፍታሉ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ሩጫ ሰማን። ቀድሞ የገባው በላብ የተጠመቀ ሰው ነው፤ ካሜራ በደረቱ፣ ሌላ ካሜራ በእጁ። ዳዊት ይባላል፤ ሌንሱን የገዛው ፎቶ አንሺ እሱ ነበር። ከኋላው የሰርግ ልብስ የለበሱ፣ አበባ ደረታቸው ላይ የተሰካ ጎረምሶች ተከታትለው ገቡ። ከፊት ያለው ቁመተ ረጅም የሙሽሪት ወንድም ነው፤ ጌታነህ ይባላል። ፊቱ ደም መስሏል።

“ማነው የሸጠልህ? አሳየኝ!” ዳዊትን አንገቱን ይዞታል።

ዳዊት በእጁ ሐጂን አመለከተ። ጌታነህ ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ገፍቶ ገባና የሐጂን ኮት ጨምድዶ ያዘ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነስተው ግድግዳው ጋ ተለጠፉ። መደርደሪያው ተናጋ፤ አንድ ሌንስ ወድቆ ተሰበረ። ጎረምሶቹ ኮሪደሩን ሞሉት፤ አንዱ “ሌባ! ሌባ!” ማለት ጀመረ። መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል ሲጠራ ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከታች የሰው ድምፅ እየጨመረ ሲመጣ ሰማሁ። ዘልዬ ላግድ ስል የጎረምሶቹን ትከሻ ማለፍ አቃተኝ።

ሙኒራ እጇን በጌታነህና በወንድሟ መሃል አስገባች።

“ምንድን ነው የተሰበረው?” አለችው ዳዊትን፣ ጌታነህን ሳታይ።

“መስታወቱ... ሙሽሮቹን ከነቤተሰቡ ሰፋ አድርጌ ላነሳ ስል ቀጭ አለ።” ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል።

“አባቴ ከሆስፒታል ነው የመጣው!” ጮኸ ጌታነህ። “ለዚህች ፎቶ ብሎ ነው ሐኪሞቹን ለምኖ የመጣው! አሥር ሰዓት ላይ መልሱት ብለውናል! ከዚያ በኋላ...” ቃሉን መጨረስ አቃተው። “ይኼ ሌባ...”

“አሁን የት ናቸው?”

“ድንኳን። አማኑኤል፣ ቤታችን።”

“ስማኝ ወንድሜ። እሱን ብትደበድበው አባትህ ፎቶ ይነሳሉ?”

ጌታነህ አያት።

“በስልክ አነሳናቸው” አለ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ዝግ ባለ ድምፅ። “ጋሽ በላቸው ግን ‘በስልክ ነው እንዴ የምትሸኙኝ?’ አሉ።”

“ልቀቀው” አለች ሙኒራ። “ሰዓቱ እየሄደ ነው። እሱ እዚሁ ነው፤ የትም አይሄድም። እኔም አልሸሽህም።”

ጌታነህ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀ ያህል ቀስ ብሎ ለቀቀ። “ሌባ” ይል የነበረውም ጎረምሳ ወጥቶ ከታች የሚመጣውን ሰው መለሰ። ሙኒራ ወዲያው ከዳዊት እጅ ሁለተኛውን ካሜራ ተቀበለች። ያረጀ፣ ከሌላ ፋብሪካ የወጣ፣ የራሱ ሌንስ የተበላሸበት መጠባበቂያ ነው። እዚህ አገር ብዙም አይታይም። የእነ ሙኒራ ሱቅም የእኔም ካሜራ አይሸጥም፤ በጥር እሁድ ደግሞ ካሜራ የሚያውስ ፎቶ አንሺ አይገኝም። ያለው ይኸው ነው።

መደርደሪያው ሥር ተንበረከከች። አንድ ሌንስ አወጣች፤ ገለበጠች፤ ዳበሰች፤ መለሰች። ሌላ። ከግንባሯ ላይ ላብ ሲንጠባጠብ አየሁ። ጎረምሶቹ ከኋላዋ ይተነፍሳሉ። ሐጂ ግድግዳው ጋ እንደተለጠፉ ናቸው። ሦስተኛውን ከጨርቅ ፈታችና ካሜራው አፍ ላይ አድርጋ አዞረችው። ገባ። ዳዊት እጁን ሲዘረጋ አልሰጠችውም። ወደ መስኮቱ አዙራ በሩቅ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየችበት፤ አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበብ አድርጋ አነሳችበት።

“ይሆናል። ግን ራሱ አያጠራም፤ በእጅ ነው የምታጠራው።”

“በእጅ አጥርቼ አላውቅም እትዬ” አለ ዳዊት።

“እኔ አጠራዋለሁ” አለችና ጫማዋን አጠለቀች።

ሮጡ። እኔም ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። ሰው፣ ጋሪና ተሸካሚ በተጋፋበት መንገድ ጌታነህ ከፊት እየጮኸ ይጠርጋል፤ ሙኒራ ካሜራውን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ቀሚሷን በሌላ እጇ ሰብስባ ትሮጣለች። ድንኳኑ በር ላይ መኪና ሞተሩ ተነስቶ፣ በሩ ተከፍቶ ቆሟል።

የሙሽሪት አባት ጋሽ በላቸው ጋቢ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው አልቆ ኮታቸው የሌላ ሰው ይመስላል። ሙሽሪት እግራቸው ሥር ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች፤ ኩሏ በእንባ ወርዷል። ዘፈኑ ቆሟል። ሙኒራ ማንንም ሰላም ሳትል ከወንበሩ ፊት ቆመች፤ ወደ ኋላ ሄደች፤ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አድርጋ የማጥሪያውን ቀለበት ቀስ እያለች አዞረች። ቆመች። ትንሽ መለሰችው። ከዚያ “ፕላስተር!” አለች። ቁስል የሚለጠፍበት ፕላስተር ከመኪናው አመጡላት። ቀለበቱ እንዳይዞር ካሜራው ላይ ለጠፈችው። ዳዊትን ትከሻውን ይዛ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ አቆመችው።

“እዚህ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳትል። አንተ መጫን ብቻ ነው።”

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ጋሽ በላቸው ጋቢውን ከትከሻቸው ጣሉት፤ በኮት ነው መነሳት የፈለጉት። ዳዊት ተጫነ። ደጋግሞ ተጫነ። ሙኒራ ካሜራውን ነጥቃ ምስሉን አቅርባ አየች። እኔም ከጀርባዋ አየሁ። የሽማግሌው የቅንድብ ፀጉር እንኳ ይቆጠራል።

ድንኳኑ ውስጥ እልልታ ሆነ። ጋሽ በላቸው ግን ሙኒራን በእጃቸው ጠሯት።

“ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው የዘገየው?”

እዚያ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። “ካሜራ ተበላሽቶ ነው” ብትላቸው ውሸትም አይሆንም። የሰዎቹ ቁጣ በርዷል፤ ጌታነህ ራሱ ውኃ ሊያመጣላት ሄዷል። እኔ በሆዴ “በቃ፣ ተይው” እላለሁ።

“ካሜራውን የሰበረው ሌንስ ከእኛ ሱቅ የተገዛ ነው” አለች። “እንደሚሰብር እናውቅ ነበር።”

እልልታው ቀዘቀዘ።

“ታዲያ እያወቃችሁ ለምን ሸጣችሁት?” አሉ ሽማግሌው።

ሙኒራ መልስ ስታጣ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ሽማግሌው ጥቂት አዩዋትና እጇን መታ መታ አደረጉ። “ፎቶው ግን ወጥቷል?”

“ወጥቷል።”

“እንግዲያው እኔ መሄዴ ነው” አሉ። ደግፈው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። ከሆስፒታል ሳይወጡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማረፋቸውን ሰማን። በቀብራቸው ቀን ከፊት የተያዘው ያ ፎቶ ነበር፤ ሙኒራ በሩቅ ቆማ አይታዋለች።

ያን ዕለት ስንመለስ ሐጂ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የወደቀው ሌንስ ስብርባሪ እግራቸው ሥር እንዳለ ነው። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር።

“ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት” አሉ። “እናውቅ ነበር አልሽ?”

“አልኩ።”

“ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።”

“አንተ ነህ። እንዳልዋሽ ያሳደግከኝም አንተ ነህ።”

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሙኒራ የገባት ወዲያው ነው። ከቦርሳዋ የሱቁን ቁልፍ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። ወንበሩ ጀርባ ላይ የነበረውን ሹራቧን አንስታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋ እስኪጠፋ ሰማሁት።

በሰው ፊት መናገር ነበረባት ወይ? እስከ ዛሬ አስበዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ወንድሟን ለብቻቸው አነጋግራ፣ ሽማግሌ ልካ፣ ዳዊትን ክሳ ልትጨርሰው ትችል ነበር። ገር ሴት አልነበረችም። የምታውቀውን ነገር ለሰው ብላ ማለስለስ አትችልበትም፤ ይህ ደግሞ ብዙ አስከፍሏታል።

መሳለሚያ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ቁምሳጥን የምታህል ቦታ ተከራየች። ፎቶ አንሺዎቹ ፈልገው አገኟት፤ ዳዊት ከሁሉም በፊት። “ካሜራው የታለ?” እያለች እዚያው ኖረች። እኔም ዕቃ በጎደለኝ ቁጥር ብቅ እል ነበር።

ሐጂን በተመለከተ እሷ ያላየችውን እኔ አይቻለሁ። ከሄደች በኋላ ባለው ቀን ካርቶኖቹን ሁሉ ከሱቁ አስወጥተው ቤታቸው አስጫኑ። ለጅምላ ገዢ እንዲሰጡ የመከሯቸው ነበሩ፤ “ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል፤ ማን ያውቃል?” ብለው። እምቢ አሉ። ከእነዚያ ካርቶኖች አንዲት ሌንስ ለገበያ አልወጣችም። ንግዳቸው ተንገዳገደ፤ ቆይተውም ሱቁን ለጫማ ነጋዴ ለቀቁ። ይህን ሁሉ ግን ለእህታቸው አልነገሩም። እኔ ሄጄ ነገርኳት። ሌንስ እየወለወለች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

“እሱ ይንገረኝ” አለች።

እሳቸው አልመጡም፤ እሷም አልሄደችም። ለዒድ የሐጂ ሚስት ሥጋ ይዘው ይመጣሉ፤ ሙኒራ ተቀብላ ሳህኑን ባዶ አትመልስም፤ የሆነ ነገር ታደርግበታለች። ስለ ሐጂ ጤና ትጠይቃለች። በዚሁ ይለያያሉ። ስንት ሽማግሌ ሞከረ፤ ሁለቱም “ምን ተጣላን?” ይላሉ።

ከስልኩ በኋላ ኮልፌ ስደርስ ሰላቱ አልቆ አስከሬኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሷል። ፎቶ አንሺው ሁሉ መጥቷል፤ ዳዊት ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆሟል። ሐጂን በዓይኔ ፈለግኩ። ከሕዝቡ ፊት ነበሩ። በጣም አርጅተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል።

አስከሬኑን የሚቀበሉ ወጣት ዘመዶች ወደ ጉድጓዱ ሊወርዱ ሲሉ ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

“እኔ ነኝ የምወርደው።”

“ሐጂ፣ ይቅርብዎ፤ ይወድቃሉ” አሏቸው።

“ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ዞር በሉ።”

ብብታቸውን ይዘው አወረዷቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተቀበሏት። ከጉድጓዱ ውስጥ የሚሉት አልተሰማንም። ሲያወጧቸው ልብሳቸው አፈር ለብሶ ነበር። አፈሩ ተመልሶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሰው መበታተን ሲጀምር ሐጂ ወደ እኔ መጡ። እጄን ያዙ። እጃቸው ቀዝቅዟል።

“የቀሩትን ሌንሶች እንዳልሸጥኳቸው እሷ ታውቅ ነበር?”

“ታውቅ ነበር ሐጂ። እኔ ነግሬያታለሁ።”

“ምን አለች?”

ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር። በእሷ ቀብር ላይ ግን መዋሸት አልቻልኩም።

“‘እሱ ይንገረኝ’ አለች።”

ዓይናቸው መሬት ላይ ቀረ። አንድ ዘመድ መኪናው እየጠበቃቸው መሆኑን ሊነግራቸው መጥቶ ሳይናገር ተመለሰ።

“ከሱቃችን እስከ እሷ መሳለሚያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?” አሉኝ።

ከዘራቸውን አንስቼ ሰጠኋቸው። መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል።